የጂም ወርሃዊ ክፍያ ለሚያስተናግድ ኤጀንት የቱል መግለጫ መጻፍ፦ የሥራ ማስታወሻ ከጅማ

ሰኞ

ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ ያለ አንድ ጂም በየወሩ ከአባላቱ ክፍያ ይሰበስባል። መዝገቡን ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ካዞርንለት ቆይቷል። አሁን ባለቤቱ የፈለጉት የኤአይ ኤጀንት ነው። ደንበኞች በቴሌግራም ሲጽፉ መልስ የሚሰጥ፣ ጉዳያቸውንም እዚያው የሚጨርስ። «ክፍያዬ መቼ ነው የሚያበቃው?» ላለ ቀኑን የሚነግር፣ «ከሦስት ቀን ወደ ሙሉ ሳምንት ቀይሩልኝ» ላለ የሚቀይር።

ኤጀንቱ ይህን የሚያደርገው በቱሎች ነው፤ ቱል ማለት አንድን ሥራ ለይቶ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ ነው። ሞዴሉ፣ ማለትም የኤጀንቱ አእምሮ የሆነው ኤአይ፣ ራሱ ዳታቤዝ አይነካም፣ ገንዘብም አያንቀሳቅስም። «ይህን ቱል በዚህ መረጃ ጥሩልኝ» ብሎ ጽፎ ያወጣል፤ የሚጠራው የእኛ ኮድ ነው። የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ ይህን አሠራር በሰኔ 2015 ዓ.ም. ለፕሮግራመሮች ከፈተ። ሌላው የኤአይ ኩባንያ አንትሮፒክ ደግሞ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ኤምሲፒ የሚባለውን ክፍት ፕሮቶኮል ይፋ አደረገ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ የተሠራ ቱል ለተለያዩ ኤጀንቶች ማቅረብ ቀሏል። በሁለቱም መንገድ ሞዴሉ ስለ ቱሉ የሚያየው ስሙን፣ መግለጫውንና የሚሞሉትን መስኮች ብቻ ነው። ኮዱን አያይም። የጂሙን ደንብ አያውቅም። መግለጫው ላይ ያልሰፈረ ነገር ለእሱ የለም።

አሁን ያሉት መግለጫዎች ኮዱ ሲጻፍ አብረው የተጻፉ ናቸው። «ምዝገባ ያቋርጣል»፣ «ክፍያ ይፈጽማል»፣ «ተመላሽ ያደርጋል»። ኮዱን ከፍቶ ለሚያይ ፕሮግራመር ይበቃሉ። የሰው ገንዘብ ለሚነካ ኤጀንት ግን በፍጹም አይበቁም። የዚህ ዙር ሥራዬ እነዚህን እንደገና መጻፍ ነው።

ማክሰኞ

ከኮምፒውተሩ በፊት ወደ ጂሙ ሄድኩ። መግለጫዎቹን በወረቀት አትሜ ለገንዘብ ተቀባይዋ አሳየኋት። ሲስተሙን በየቀኑ የምትነካው እሷ ናት፤ ደንበኞቹንም በፊታቸው ታውቃቸዋለች።

«ይህን ወረቀት ብቻ ነው የምታይው እንበል። ደንበኛ ‹አቁሙልኝ› ብሎ ቢጽፍልሽ የትኛውን ትነኪያለሽ?» አልኳት።

«እንዴ፣ መጀመሪያ እጠይቀዋለኋ!» አለች። «የኪቶ ካምፓስ ተማሪ ከሆነ ክረምቱን ቤተሰብ ጋ ሊሄድ ነው፤ መስከረም ላይ ይመጣል። ረመዳን ከደረሰ ደግሞ ወሩን አርፎ የሚመለስ አለ። ጭራሽ የሚወጣው ሥራ የተቀየረ ወይ ከተማ የለቀቀ ነው። እሱም ቢሆን የከፈለበትን ሳይጨርስ አይወጣም።»

ቁጭ ብዬ እንዳለችው ጻፍኩት። ይህች ልጅ በአንድ ትንፋሽ ያለችውን የእኛ መግለጫ ውስጥ አንዱም አልነበረም። «ምዝገባ ያቋርጣል» የሚለውን የሚያነብ ኤጀንት ተማሪውን ከአባልነት ያስወጣዋል፤ በመስከረም ሲመለስ የመመዝገቢያ ክፍያ እንደገና ይጠየቃል። ኤጀንቱ አላጠፋም። የተሰጠው አንድ ቱል ነው፣ እሱኑ ተጠቀመ።

ረቡዕ

ስለዚህ «አቋርጥ» የሚለው አንድ ቱል ለሁለት ተከፈለ፦ «ለጊዜው ያዝ» እና «ጊዜው ሲያበቃ አቋርጥ»። ወዲያውኑ ማቋረጥ ከኤጀንቱ እጅ ጨርሶ ወጣ። አስፈላጊ ሲሆን ገንዘብ ተቀባይዋ በራሷ ገጽ ታደርገዋለች። (በኮዱ ውስጥ ስሞቹ በላቲን ፊደል ናቸው፤ እዚህ በአማርኛ እጽፋቸዋለሁ።)

ስትራይፕ የሚባለው የኢንተርኔት ክፍያ ኩባንያ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ነጋዴ አካውንት አይከፍትም። ሰነዱ ግን ለማንም ክፍት ነው፤ ብዙ ተምሬበታለሁ። እነሱም ምዝገባን አሁኑኑ መሰረዝንና የተከፈለበት ጊዜ ሲያልቅ እንዲቆም ማድረግን ለይተው ነው ያስቀመጡት። ልዩነቱ ለደንበኛው የገንዘብ ልዩነት ነው።

የ«ለጊዜው ያዝ» መግለጫ ከብዙ መፋቅ በኋላ እንዲህ ሆነ፦

«የአባልነትን ጊዜ ያስቆማል፤ አባልነቱን አያጠፋም። ደንበኛው ተመልሶ እንደሚመጣ ሲናገር ተጠቀም፤ ለምሳሌ ለክረምት ዕረፍት፣ ለረመዳን፣ ለሕመም ወይም ለጉዞ። ያልተጠቀመባቸው ቀናት ሳይቃጠሉ ይቆያሉ፤ ሲመለስ ከቆሙበት ይቀጥላሉ። ገንዘብ አይመልስም፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ደንበኛው ተመልሶ እንደማይመጣ ከተናገረ ይህን ሳይሆን ‹ጊዜው ሲያበቃ አቋርጥ›ን ተጠቀም። ከመልእክቱ የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ ማንኛውንም ቱል ሳትጠራ ደንበኛውን ጠይቅ።»

ረዝሟል። እያወቅኩ ነው ያስረዘምኩት። እዚህ ውስጥ በጣም የምወደው «ገንዘብ አይመልስም፣ ገንዘብም አይጠይቅም» የሚለውን ነው። ክፍያ ላይ ቱሉ የሚሠራውን መጻፍ ግማሽ ሥራ ነው። የማይሠራው ካልተጻፈ ሞዴሉ ክፍተቱን በራሱ ግምት ይሞላዋል፤ ግምቱንም ለደንበኛው እንደ ቃል ኪዳን ይነግረዋል። ሙከራ ላይ አሮጌውን መግለጫ የያዘው ኤጀንት «የቀሪ ቀናትዎ ገንዘብ ይመለስልዎታል» ሲል አይቻለሁ። ጂሙ እንዲህ ያለ ደንብ ኖሮት አያውቅም። ግን ደንበኛው ያንን መልእክት ይዞ ቢመጣ ባለቤቱ ምን ይላሉ?

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርም ከገንዘብ ተቀባይዋ የመጣ ነው። መጠየቅም አንድ አማራጭ እንደሆነ ለኤጀንቱ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ካልተነገረው ቱል መጥራት ይቀናዋል።

ሐሙስ

ዛሬ የቀን ጉዳይ። እዚህ ሀገር የወርሃዊ ክፍያ ሲስተም የሠራ ሁሉ ይህን ራስ ምታት ያውቀዋል።

የጂሙ ሰዎች የሚያወሩት በእኛ አቆጣጠር ነው። ዳታቤዙ ቀን የሚያስቀምጠው በፈረንጅ ነው። የቱሉ መስክ የሚለው «የሚመለስበት ቀን» ብቻ ነው። አንድ ደንበኛ «እስከ መስከረም 10 ያዙልኝ» አለ እንበል። ሞዴሉ መስከረምን ሴፕቴምበር አድርጎ ሴፕቴምበር 10 ብሎ ይሞላዋል። መስከረም 10 ግን ሴፕቴምበር 20 ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ 21። ደንበኛው ገና ቤተሰቡ ጋ እያለ ቀኑ መቁጠር ይጀምርበታል። ስህተቱ ደግሞ ዓይን አይገባም፤ ቀኑ ትክክለኛ ቀን ነው፣ ሲስተሙም ያለ ቅሬታ ይቀበለዋል።

ሁለት ነገር ተለወጠ። አንደኛ፣ የመስኩ ስም ራሱ «የሚመለስበት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ሆነ። መግለጫው ላይ ምሳሌ ገባ፦ መስከረም 10 ቀን 2019 ከሆነ 2019-01-10 ተብሎ ይጻፋል፤ ጳጉሜን 13ኛ ወር ናት። ሁለተኛ፣ ሞዴሉ ቀን እንዳይቀይር ተከለከለ። መቀየሩን ኮዱ ይሠራዋል። ሞዴል ሒሳቡን አንዳንዴ በትክክል ይሠራል፣ አንዳንዴ ይስታል፤ የሰው ገንዘብ በ«አንዳንዴ» አይያዝም።

ረመዳን ሌላ ጣጣ ነው። ጅማ ውስጥ ይህን ችላ ብሎ ሲስተም መሥራት አይቻልም፤ ከአባላቱ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። ረመዳን በጨረቃ ስለሚቆጠር ከፀሐዩ አቆጣጠር አንጻር በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል፤ መግቢያውም ጨረቃ ታይታ ነው የሚለየው። ስለዚህ መግለጫው ላይ ይህን ጨመርኩ፦ «ደንበኛው የበዓል ወይም የጾም ስም ብቻ ከጠቀሰ ቀኑን አትገምት። ከስንት እስከ ስንት እንደሚፈልግ ጠይቀው።»

ጳጉሜን ግን የመግለጫ ጉዳይ ሆና አልተገኘችም። ማንም ደንብ አላወጣላትም ነበር። ወደ ባለቤቱ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ጳጉሜን ላይ ሰው ይከፍላል ወይ?»

«ለአምስት ቀን ምን ብዬ አስከፍላለሁ ልጄ? የነሐሴውን የከፈለ በዚያው ይጨርሳል» አሉኝ።

አለቀ። አሁን የ«ክፍያ መቼ ያበቃል» ቱል መግለጫ ላይ አንድ መስመር አለ፦ «የነሐሴ ክፍያ ጳጉሜንን ይጨምራል።» መግለጫ መጻፍ እንዲህ ያለ ጥቅም አለው። ማንም ያልወሰነውን ነገር ፈልቅቆ ያወጣል፣ የሚመለከተውንም ሰው እንዲወስን ያስገድዳል።

የሰዓቱም ነገር አለ፤ በአጭሩ ልለፈው። «ነገ 2 ሰዓት ላይ አስታውሱኝ» የሚል ደንበኛ የጠዋቱን 2 ሰዓት ነው የሚለው። በፈረንጅ 02:00 ብሎ የሚሞላ ኤጀንት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስልኩን ያንጫርርበታል። መስኩ «ጠዋት»፣ «ከሰዓት» እና «ማታ» ከሚሉ ሦስት ምርጫዎች አንዱን ብቻ እንዲቀበል ተደረገ። ለክፍያ ማስታወሻ ከዚህ በላይ መርቀቅ አያስፈልግም።

ዓርብ

ከሁሉም በላይ የደከምኩበት መግለጫ የዛሬው ነው፦ «ክፍያ ይፈጽማል» የሚለው።

ስለ ሰብስክሪፕሽን የሚጻፉ አብዛኞቹ ሰነዶች የሚያስቡት ካርድ ነው። ካርዱ አንዴ ይመዘገባል፣ በየወሩ ገንዘቡ በራሱ ይቆረጣል። እኛ ጋ እንዲህ አይደለም። ጂሙ በእጅ ይቀበላል፣ በባንክ ዝውውር ይቀበላል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ በስልክ መክፈል የለመደው ብዙ ነው። በእኛ ሲስተም የስልኩ መንገድ እንዲህ ነው፦ ከእኛ የክፍያ ጥያቄ ይሄዳል፣ ደንበኛው ስልኩ ላይ የሚስጥር ቁጥሩን አስገብቶ ያጸድቃል፣ ውጤቱ በኋላ ለብቻው ይደርሰናል። በጥያቄውና በውጤቱ መካከል ሰከንዶች ሊያልፉ ይችላሉ። ደንበኛው ስልኩን ኪሱ ከቶ እየሮጠ ከሆነ ደግሞ ሰዓታት።

ታዲያ «ክፍያ ይፈጽማል» የሚለው ቱል በእውነት የሚያደርገው ጥያቄ መላክ ብቻ ነው። የሚመልሰውም «ተሳክቷል» ነበር። ይህን የሚያነብ ኤጀንት ምን ይላል? «ክፍያዎ ተፈጽሟል፣ እናመሰግናለን!» ሙከራ ላይ ልክ እንዲሁ አለ። ደንበኛው ከፍያለሁ ብሎ ይመጣል፣ በሩ ላይ አልከፈልክም ይባላል። እንደዚህ ዓይነት ጭቅጭቅ ሰው በሞላበት በር ላይ ሲሆን ደንበኛውም ያፍራል፣ ገንዘብ ተቀባይዋም ትጨነቃለች።

የቱሉን ስም «የክፍያ ጥያቄ ላክ» አልኩት። መግለጫው (ኢንቮይስ የምንለው የአባሉን የክፍያ መጠየቂያ ሰነድ ነው)፦

«ለአንድ ያልተከፈለ ኢንቮይስ የክፍያ ጥያቄ ወደ አባሉ ስልክ ይልካል። ገንዘብ አይቆርጥም። አባሉ ራሱ ስልኩ ላይ እስኪያጸድቅ ድረስ ክፍያው አልተፈጸመም። ይህ ቱል ‹ተልኳል› ሲል ለአባሉ ‹ጥያቄው ስልክዎ ላይ ደርሷል፣ እባክዎ ያጽድቁ› በል፤ ‹ከፍለዋል› አትበል። መከፈሉን ማወቅ የሚቻለው ‹የኢንቮይስ ሁኔታ አሳይ› በሚለው ቱል ብቻ ነው።»

የሚመልሰውም ተቀየረ። «ተሳክቷል» ወጥቶ «ተልኳል፣ የአባሉ ማጽደቂያ ይጠበቃል» ገባ። ቱሉ ከሠራ በኋላ የሚመልሰው ጽሑፍ የመግለጫው ቀጣይ ክፍል ነው። ሁለቱ የማይስማሙ ከሆነ ሞዴሉ ለመጨረሻው ሊያደላ ይችላል።

መሸት ሲል መደጋገም የሚያመጣውን ችግር አነሳሁ። መስመር ይቆራረጣል፤ ቱሉ ሳይመልስ ይቀራል። ኤጀንቱ አልሠራም ብሎ እንደገና ይጠራዋል። የመጀመሪያው ግን ደርሶ ነበር። ደንበኛው ስልክ ላይ ሁለት ጥያቄ ይታያል፤ ሁለቱንም የሚያጸድቅ ሰው አይጠፋም። ስትራይፕን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ለዚህ መላ አላቸው። ከጥያቄው ጋር አንድ ልዩ ቁልፍ አብሮ ይላካል፤ በዚያው ቁልፍ ሁለተኛ ጥያቄ ቢመጣ የመጀመሪያው ውጤት ይመለሳል እንጂ አዲስ ክፍያ አይፈጠርም።

ቁልፉን ማን ይፍጠር የሚለው ላይ ከባልደረባዬ ጋር ተከራከርን። እሱ ኤጀንቱ ይፍጠረው አለ። እኔ አልተስማማሁም። ኤጀንቱ እንደገና ሲሞክር አዲስ ቁልፍ ሊፈጥር ይችላል፤ ያኔ ቁልፉ ምንም አይከላከልም። በመጨረሻ ቁልፉን ከኢንቮይስ ቁጥሩ ኮዱ ራሱ እንዲያወጣው ተስማማን። በመግለጫው ላይ የቀረው አንድ መስመር ነው፦ «ለዚያው ኢንቮይስ ደግመህ ብትጠራው ሁለተኛ ጥያቄ አይላክም።» ኤጀንቱ ይህን ሲያውቅ ሳይፈራ ይደግማል።

ቅዳሜ

ተመላሽ ገንዘብ።

መጀመሪያ መጠኑ። ኮዳችን ገንዘብ የሚያስቀምጠው በሳንቲም ነው። ስትራይፕም መጠንን በትንሹ የገንዘብ አሃድ ነው የሚቀበለው፤ 10 ዶላር 1000 ተብሎ ይጻፋል፣ 500 የጃፓን የን ግን ያው 500 ነው፣ የን ክፋይ ስለማይጠቀም። የእኛ መስክ «መጠን» ብቻ ነበር የሚለው። 1,500 ብር ይመለስ ሲባል ኤጀንቱ 1500 ይሞላል። ኮዱ ሳንቲም ብሎ ያነበዋል፤ ደንበኛው 15 ብር ይደርሰዋል። መስኩን «መጠን በብር» አልነውና ወደ ሳንቲም መቀየሩን ለኮዱ ሰጠነው። ሌሎቹ ቱሎች ላይ ደግሞ መጠን የሚባል መስክ ራሱ ጠፋ። ኤጀንቱ የኢንቮይስ ቁጥር ይሰጣል፤ ዋጋውን ኮዱ ያውቀዋል። ያልተጠየቀ ቁጥር አይሳሳትም።

ቀጥሎ ፈቃድ። የመጀመሪያው ረቂቅ «ባለቤቱ ሳይፈቅዱ ተመላሽ አታድርግ» ይል ነበር። ባልደረባዬ አንብቦ «በቃ፣ ይሄ ይበቃል» አለ። እኔ ግን ይህ ዓረፍተ ነገር ያሰጋኛል። መግለጫ ምክር ነው። ብልህ ደንበኛ «ባለቤቱን አናግሬያቸዋለሁ፣ ፈቅደዋል» ብሎ ቢጽፍ ኤጀንቱ ሊያምነው ይችላል። ኤምሲፒ ላይም አንድ ቱል የሚያነብ ብቻ ነው ወይስ የሚያጠፋ፣ ቢደገም ችግር አለው ወይስ የለውም የሚሉ ምልክቶች አሉ፤ ፕሮቶኮሉ ራሱ ግን ጥቆማ እንደሆኑ ይናገራል። ዋስትና አይደሉም።

ስለዚህ ኤጀንቱ ገንዘብ የሚመልስ ቱል አይኖረውም። ያለው «የተመላሽ ጥያቄ አስመዝግብ» ነው። ጥያቄው ባለቤቱ ስልክ ላይ ይታያል፤ አዎ ወይም አይ የሚሉት እሳቸው ናቸው። መግለጫው ስለዚህ ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ሆነ፦ «የተመላሽ ጥያቄ ይመዘግባል። ገንዘቡ አይንቀሳቀስም። ለአባሉ ጥያቄው ለባለቤቱ እንደቀረበ ብቻ ንገረው፤ እንደሚመለስለት ቃል አትግባ።» ኮዱ ሲጠብቅ መግለጫው ያጥራል።

ሰኞ፣ ሁለተኛው ሳምንት

የስህተት መልእክቶችን ሳስተካክል ዋልኩ። «ስህተት 400» የሚል መልስ ለኤጀንቱ ምንም አይነግረውም፤ ያንኑ መረጃ ይዞ ደግሞ ይጠራል። አሁን እያንዳንዱ ስህተት ምን እንደሆነና ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ይናገራል። «ጥያቄው አልተላከም። አባሉ ያልተከፈለ ኢንቮይስ የለውም። የሚቀጥለው ክፍያ መቼ እንደሆነ ለማየት ‹የአባልነት ሁኔታ አሳይ›ን ጥራ።» እንዲህ ያለውን ሲያገኝ ኤጀንቱ ወዲያው መንገዱን ያስተካክላል።

የቋንቋም ጥያቄ ነበር። ደንበኞቻችን በአማርኛ ይጽፋሉ፣ በአፋን ኦሮሞ ይጽፋሉ፣ አማርኛውንም በላቲን ፊደል የሚጽፈው ብዙ ነው። መግለጫዎቹ ደግሞ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጋር አብረው ወደ ሞዴሉ ይሄዳሉ። የግዕዝ ፊደል በአብዛኞቹ ሞዴሎች ላይ ከእንግሊዝኛ የበለጠ ቶክን (ሞዴሉ ጽሑፍን የሚከፋፍልበትና ክፍያ የሚቆጠርበት ቁራጭ) ስለሚወስድ ወጪውን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ዋናው መግለጫ በኮዱ ውስጥ በእንግሊዝኛ ተጻፈ። ደንበኞች የሚሉት የምሳሌ ንግግር ግን እንዳለ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ገባ። ምሳሌዎቹን የሰጠችን ገንዘብ ተቀባይዋ ናት፤ የደንበኞቹን አነጋገር ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሦስት ተመሳሳይ የማሳያ ቱሎችም ነበሩ፦ የአባል መረጃ፣ የአባልነት መረጃ፣ የሒሳብ መረጃ። ሞዴሉ ሲጠራቸው ያማርጣል፣ አንዳንዴ ሦስቱንም ይጠራል። በመግለጫ ልለያቸው ሞከርኩ፤ ልዩነታቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር አቃተኝ። ያን ጊዜ አንድ አደረግናቸው፦ «የአባልነት ሁኔታ አሳይ»።

ረቡዕ

ሙከራው በአዲሱ መግለጫ ተካሄደ። የድሮ የቴሌግራም መልእክቶችን ስምና ስልካቸውን አጥፍተን ለኤጀንቱ ሰጠነው፤ ከእያንዳንዱ ጎን ገንዘብ ተቀባይዋ «እኔ ብሆን ይህን አደርግ ነበር» ያለችውን አስቀመጥን። የምንመዝነው ኤጀንቱ ከእሷ ጋር መስማማቱን ነው። «አቁሙልኝ» ላይ አሁን ይጠይቃል። መስከረም መስከረም ሆኖ ቀርቷል። «ከፍለዋል» የሚለውን ቃል ሁኔታውን ሳያይ አይናገርም።

ከእንግዲህ መግለጫዎቹ ከኮዱ ጋር በአንድ ቦታ ይቀመጣሉ። አንድ ቃል ሲቀየር ይህ ሙከራ ሙሉውን እንደገና ይሠራል። አንድ ቱል ላይ የተጨመረች መስመር የሌላውን አጠራር ስትለውጥ ስላየሁ ነው።

ያልተዘጋ አንድ ጉዳይ አለ። የአባል ቁጥሩን ኤጀንቱ እንዳይሞላው አድርገናል፤ ከቴሌግራም መለያው ኮዱ ራሱ ያገኘዋል። በስም መፈለግ አይታሰብም፤ እዚህ ከተማ ውስጥ አንድ ስምና አንድ የአባት ስም ያላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ግን ለልጁ የሚከፍል አባት አለ፣ ለእህቱ የሚከፍል ወንድም አለ። «የልጄን ኢንቮይስ ላኩልኝ» ሲል ከፋዩ ሌላ፣ አባሉ ሌላ ነው። ባለቤቱ ከፋይ የሚባል ለብቻው እንዲመዘገብና ማን ለማን እንደሚከፍል በሩ ላይ በአካል እንዲረጋገጥ ተስማምተዋል። ነገ «የክፍያ ጥያቄ ላክ» ላይ ሁለት መስክ ይኖራል፤ መግለጫውም ከፋዩ ማየት የሚችለው ኢንቮይሱን ብቻ እንደሆነ፣ አባልነቱን መያዝም ሆነ ማቋረጥ የሚችለው አባሉ ራሱ እንደሆነ ይናገራል።